የኤንአይኤች ግራንት ሕግ ተቀይሯል፦ ከከተማ ዳር ሆናችሁ ስታመለክቱ ከየት ትጀምራላችሁ?

ይህ መመሪያ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ገላን ወይም ቂሊንጦ አካባቢ ባለ ሆስፒታል፣ ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ ለምትሠሩ የሕክምና ተመራማሪዎች ነው። ጥቁር አንበሳ ወይም ዘነበወርቅ ግቢ ያለ ተመራማሪ ፎርም ቢያስቸግረው በር አንኳኩቶ የሚጠይቀው ሰው አያጣም። ከቀለበት መንገድ ወዲያ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ተመራማሪ፣ ራሱ ጸሐፊ፣ ራሱ ተላላኪ ነው። የግራንት ቢሮ የሚባለውም አንድ ጠረጴዛና ቀለም ያለቀበት ፕሪንተር ሊሆን ይችላል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ ሁላችንም ኤንአይኤች የምንለው፣ ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ የማመልከቻ ሕጎቹን ደጋግሞ ቀያይሯል። (ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።) ለውጦቹን አንድ ላይ ስናያቸው ለዳር ተቋም ሁለት ነገር ይናገራሉ። በግምገማው በኩል የተቋማችሁ ስም ከበፊቱ ያነሰ ይመዝናል፤ ጥያቄያችሁ ደግሞ የበለጠ ይመዝናል። ይህ ደስ ይላል። በወረቀቱ በኩል ግን ከበፊቱ የበለጠ ነገር በራሳችሁ ስም መመዝገብና መፈረም አለባችሁ። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከፕሮፖዛሉ ሳይሆን ከምዝገባው ነው። ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ያደርጋል፤ ፕሮፖዛሉን ወራት ሲጽፍ ቆይቶ ምዝገባውን በመጨረሻው ሳምንት ይጀምራል። ያ አያዋጣም።

1. ተቋማችሁን አስመዝግቡ

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከአሜሪካ ውጭ ላሉ ተቋማት የሚሰጠውን ኤንኬጅ የተባለ ኮድ ታወጣላችሁ። በእሱ ሳም ዶት ገቭ በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ትመዘገባላችሁ። ዩኢአይ የሚባለው 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያም እዚያው ይሰጣል። ቀጥሎ የአሜሪካ መንግሥት የግራንት ጥሪዎች የሚወጡበት ግራንትስ ዶት ገቭ እና ኢአርኤ ኮመንስ ይመጣሉ። ኢአርኤ ኮመንስ የኤንአይኤች የራሱ በር ነው። ማመልከቻችሁ የት እንደደረሰ የምታዩትም፣ ውጤቱን የምታነቡትም እዚያ ነው።

ኤንአይኤች ራሱ ለዚህ ሁሉ ስድስት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ያዙ ይላል። እኔ ደግሞ ሦስት ወር ያዙ እላለሁ። ምክንያቱም አንድ ፊደል ከተሳሳተ ወደ ኋላ ትመለሳላችሁ፤ ፊርማ የሚያስፈልገው ኃላፊም ሁልጊዜ ቢሮው አይገኝም።

አሁን ዋናው ጣጣ ጋ ደረስን፤ ስምና አድራሻ። ኤንኬጅ ላይ የሞላችሁት የተቋም ስምና አድራሻ ሳም ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። በእኛ አካባቢ ይህ ቀላል አይደለም። ሰበታን በላቲን ፊደል ሲጽፍ አንዱ ከአማርኛው ይነሳል፣ ሌላው በቁቤ ይጽፈዋል። ቡራዩም ሱሉልታም እንደዚያው። ሸገር ከተማ ሲመሠረት ደግሞ የደብዳቤውን ራስጌ የቀየረ አለ፣ አሮጌውን ጨርሶ እስኪያልቅ የሚጠቀም አለ። ፋይናንስ ክፍሉ በአንድ አጻጻፍ፣ ምርምር ክፍሉ በሌላ አጻጻፍ ይልካል። ኮምፒውተሩ ለዚህ ይሉኝታ የለውም። ሁለት የተለያየ ተቋም ነው ብሎ ይመልሰዋል።

ሌላው ፖስታ ሣጥን ነው። እኛ አድራሻ ስንባል ፖ.ሣ.ቁ. መጻፍ ለምደናል። ሳም ግን ተቋሙ በአካል ያለበትን ቦታ ይፈልጋል፤ ፖስታ ሣጥን ለዚያ አይሆንም። የመንገድ ስም የሌለው ግቢ ከሆነ ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውን፣ የሚታወቅ አካባቢውን አድርጋችሁ አንድ ቋሚ አጻጻፍ ወስኑ። ስሙንና አድራሻውን የሚያሳይ ሕጋዊ ሰነድም ይጠየቃል። የማቋቋሚያ ደንባችሁ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ከሆነ የተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም አዘጋጁ።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። የተቋሙን ሕጋዊ ስም በላቲን፣ አድራሻውን፣ ስልኩን፣ ኤንኬጁንና ዩኢአዩን አንድ ገጽ ላይ ጻፉ። ኃላፊው ያጽድቀው። ኮምፒውተሩ አጠገብ ለጥፉት። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ሰው ከዚያ ወረቀት ይገልብጥ፤ ከአእምሮው የሚሞላ ሰው አይኑር።

በድሮ ፋይል ውስጥ ደንስ የሚባል ቁጥር ካገኛችሁ እርሱት። ከኤፕሪል 4 ቀን 2022 ጀምሮ ቦታውን ዩኢአይ ወስዷል። የሳም ምዝገባ ደግሞ በየዓመቱ ይታደሳል። አንዴ ከተመዘገባችሁ በኋላ «ምዝገባችሁ ሊቃጠል ነው፣ ይህን ያህል ዶላር ክፈሉ» የሚሉ ኢሜይሎች ይመጡላችኋል። ምዝገባውም እድሳቱም ነጻ ነው። አምስት ሳንቲም አትክፈሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኢአርኤ ኮመንስ ላይ ተቋሙን ወክሎ የሚፈርም ኃላፊ ይመዘገባል። የእኛ ኃላፊዎች ይሾማሉ፣ ይዛወራሉ። የይለፍ ቃሉም አብሮ ይዛወራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሁለት ፈራሚ አስመዝግቡ። መለያው በግል ጂሜይል ሳይሆን በተቋም ኢሜይል ይሁን። ሁለተኛው ማረጋገጫ ኮድም በአንድ ሰው ስልክ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል አድርጉ።

2. ራሳችሁን አስመዝግቡ፤ ስማችሁን አንድ አድርጉ

ማመልከቻው የሚገባበት ቀን ከጃንዋሪ 25 ቀን 2026 ወዲህ ከሆነ የሥራ ልምድ መግለጫው በአዲሱ የጋራ ቅጽ ነው የሚሠራው። የድሮው ዎርድ ፋይል አይሆንም። ሳይንስ-ሲቪ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ይሞላል፤ ኦርኪድ ከሚባለው የተመራማሪ መለያ ቁጥራችሁ ጋር ይያያዛል። የምርምሩ ቁልፍ ሰዎች ሁሉ ኦርኪድ ሊኖራቸው ግድ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቅጽ ራሱ ያረጋግጣል፤ ጸሐፊም ተማሪም በሌላ ሰው ስም ሊያደርግለት አይችልም። «ዶክተር ሥራ ስለሚበዛባቸው እኔ ልሙላላቸው» የሚባለው ነገር እዚህ ላይ አከተመ። መሙላቱን ማገዝ ትችላላችሁ። የመጨረሻዋን ቁልፍ ግን እሳቸው ይጫኗት።

የእኛ ስም ደግሞ ለፈረንጅ ፎርም አይመችም። የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ፎርም ላይ የአባታችሁን ስም በመጨረሻ ስም ቦታ ታስገባላችሁ፤ ሌላው ላይ የአያታችሁን። ፀጋዬ የሚለው ስም በላቲን በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኦርኪድ፣ ኢአርኤ ኮመንስ፣ ፓስፖርትና የታተሙ ጽሑፎቻችሁ ላይ ያለው ስም ቢለያይ ሥራችሁ የእናንተ መሆኑ ይጠፋል። እንደ ፓስፖርታችሁ አድርጉት። በሌላ አጻጻፍ የታተሙትን ኦርኪድ ላይ «በዚህም ስም እታወቃለሁ» በሚለው ቦታ አስገቡ።

ሥራዎቻችሁን ስትዘረዝሩ ከፕሮጀክቱ ጋር የሚገናኙ እስከ 5፣ ሌሎች ጠቃሚ ሥራዎች ደግሞ እስከ 5 ነው የሚፈቀደው። ስለዚህ ምረጡ። ሠላሳኛ ተባባሪ ጸሐፊ ከሆናችሁበት ትልቅ መጽሔት ይልቅ፣ ናሙናውን ራሳችሁ የሰበሰባችሁበት ትንሽ ጽሑፍ ይበልጣል።

3. ጥሪውን አንብቡ፤ በተለይ ማን ማመልከት እንደሚችል የሚለውን

የኤንአይኤች የጥሪ ማስታወቂያዎች አሁን የሚገኙት ግራንትስ ዶት ገቭ ላይ ነው። ኤንአይኤች ጋይድ በሚባለው የድሮው የማስታወቂያ ገጽ ብቻ መፈለግ የለመደ ሰው ምንም የለም ብሎ ይመለሳል። በጠባብ ርዕስ የሚወጡ ልዩ ጥሪዎችም እየቀነሱ ነው። በምትካቸው ተቋሙ ትኩረት የሚሰጣቸውን ርዕሶች ይዘረዝራል፤ አመልካቹ በአጠቃላይ ጥሪ በኩል ይገባል።

ጥሪውን ስትከፍቱ ቀጥታ ወደ ክፍል 3 ሂዱ። ከአሜሪካ ውጭ ያለ ተቋም በዋና አመልካችነት ይችላል ወይ የሚለው እዚያ ተጽፏል። አይችልም ካለ ሌላውን አታንብቡ፤ ጊዜያችሁን ይበላል።

ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ጋር በንዑስ ውል ለመሥራት ያሰባችሁ ካላችሁ ይህ ለእናንተ ነው። ኤንአይኤች በሜይ 1 ቀን 2025 ለውጭ ተቋማት በንዑስ ውል የሚሄደውን ገንዘብ አዲስ አሠራር እስኪዘረጋ ድረስ አቆመ። የተሰጠው ምክንያት ገንዘቡ የት እንደሚደርስ መከታተል አልተቻለም የሚል ነው። በአዲሱ አሠራር የውጭው አጋር ከዋናው ግራንት ጋር የተያያዘ የራሱን ግራንት ከኤንአይኤች በቀጥታ ይቀበላል። ማመልከቻውም ለዚሁ በተዘጋጀ ጥሪ በኩል ብቻ ነው የሚገባው።

ይህ ማለት ምን ማለት ነው? በፊት የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ጥላ ነበር። ወረቀቱን እነሱ ይጨርሳሉ፣ እናንተ ናሙና ትሰበስባላችሁ። አሁን እናንተም በራሳችሁ ስም ተመዝግባችሁ፣ በራሳችሁ ስም ሪፖርት ታደርጋላችሁ። ሥራው ይበዛል፤ አልክድም። ግን በስማችሁ የመጣ ግራንት በእጃችሁ የሚቀር መዝገብ ነው። አጋራችሁ «እንደ ድሮው እናደርጋለን» ቢላችሁ የጥሪውን ቁጥር ጠይቁት።

4. ስንት ጊዜ እንዳመለከታችሁ ቁጠሩ

ከሴፕቴምበር 25 ቀን 2025 (መስከረም 15 ቀን 2018) ጀምሮ አንድ ዋና ተመራማሪ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ6 ማመልከቻ በላይ ማስገባት አይችልም። አዲስም ይሁን እድሳት፣ ተስተካክሎ የተመለሰም ይሁን የተሻሻለ፣ ይቆጠራል። ከሌሎች ጋር በጋራ ዋና ተመራማሪ የሆናችሁበትም ይቆጠራል። የሥልጠና ግራንቶችና የኮንፈረንስ ድጋፍ ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። ዓመቱ የፈረንጆቹ ነው፤ የሚጀምረው በእኛ ታኅሣሥ 23 አካባቢ ነው እንጂ በእንቁጣጣሽ አይደለም።

ስድስት ለአብዛኞቻችን ከበቂ በላይ ነው። የሚያሳስበው ስማችሁን የሚለምኑ ወዳጆች ጉዳይ ነው። «ስምህን ላስገባው፣ ምንም አትሠራም» የሚል ጥያቄ ሲመጣ በየትኛው ሚና እንደሚያስገቧችሁ ጠይቁ።

5. ፕሮፖዛሉን በሦስቱ አዳዲስ መመዘኛዎች ጻፉ

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ እሄዳለሁ፤ ለዳር ተቋም በር የተከፈተው እዚህ ነው።

ከጃንዋሪ 25 ቀን 2025 በፊት ገምጋሚዎች አምስት መመዘኛ ነበራቸው፤ ለእያንዳንዱም ነጥብ ይሰጡ ነበር። ተመራማሪውና ተቋሙም ነጥብ ነበራቸው። ስሙ የተሰማ ዩኒቨርሲቲ ገና ሳይነበብ ይቀድማል የሚል ቅሬታ ለዓመታት ሲነሳ ኖሯል። አሁን ሦስት ሆኗል። አንደኛው የምርምሩ አስፈላጊነት ነው፤ ከ1 እስከ 9 ነጥብ ይሰጠዋል፣ 1 ምርጡ ነው። ሁለተኛው የአሠራሩ ጥንካሬና ተግባራዊነት ነው፤ እሱም ከ1 እስከ 9። ሦስተኛው ሙያና አቅም ነው፤ ለዚህ ነጥብ የለም። ገምጋሚው «በቂ ነው» ይላል፤ ካልሆነም ክፍተቱን ይጽፋል። በጠቅላላው ነጥብ ውስጥ ግን ግምት ውስጥ ይገባል።

ምሳሌ እንውሰድ። ሱሉልታ ዙሪያ ባሉ አነስተኛ የወተት ከብት እርባታዎች የሚሠሩ ሰዎች ላይ ቲቢ ልታጠኑ አሰባችሁ እንበል። አብዛኛው ፕሮፖዛል እንዲህ ይጀምራል፦ «ኢትዮጵያ ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው አገሮች አንዷ ናት።» ልክ ነው። ግን ይህን ገምጋሚው ያውቀዋል፤ ከእናንተ በፊት ያነበበው ማመልከቻም ብሎታል። አስፈላጊነቱ አልተነገረም።

አሁን ይህን እዩት፦ «በጤና ጣቢያ ያለው ጂንኤክስፐርት የቲቢ ባክቴሪያ መኖሩን ይናገራል እንጂ ከሰው የመጣውን ከከብት ከመጣው አይለይም። ከከብት የሚመጣው ባክቴሪያ ፒራዚናማይድን በተፈጥሮው ይቋቋማል። ፒራዚናማይድ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከሚሰጡት አራት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ጥሬ ወተት በሚጠጡ ቤተሰቦች ውስጥ ምን ያህሉ ታካሚ ከከብት በመጣው ባክቴሪያ እንደተያዘ ካልታወቀ ሐኪሙ አንዱ መድኃኒት እንደማይሠራ ሳያውቅ ያክማል።» ጥያቄው ምን እንደሆነ፣ መልሱ ምን እንደሚቀይር በአራት አረፍተ ነገር ተነገረ። ተቋማችሁ ማን እንደሆነ እስካሁን አልተነሳም። አላስፈለገምም።

ሁለተኛው መመዘኛ ላይ የዳር አገር ዕውቀታችሁ ገንዘብ ነው። ስለ ወተት አጠጣጥ መጠይቅ መቼ ትሞላላችሁ? በሁዳዴ ከሆነ ብዙ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ 55 ቀን ወተት አይነካም፤ «ባለፈው ሳምንት ወተት ጠጥተዋል?» ብሎ መጠየቅ የተሳሳተ መልስ ያመጣል። ረቡዕና ዓርብም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ክረምት ላይ መኪና የማይገባበት ቀበሌ አለ። እነዚህን አስቀድማችሁ ጻፉ፤ እንዴት እንደምታልፏቸውም ጻፉ። ሜሪላንድ የተቀመጠ ገምጋሚ ይህን ከየትም አያገኘውም። ሲያነብ ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንደጻፈው ወዲያው ይገባዋል።

እዚያው ላይ የሚፈሩትን ጥያቄ ራሳችሁ አንሱት። ከከብት የመጣው ቲቢ ጥቂት ሆኖ ቢገኝስ? ናሙናችሁ ያን ጥቂት ለማግኘት ይበቃል ወይ? ስሌቱን አሳዩ። የመጀመሪያው ዓላማ ካልሰመረ ሁለተኛውና ሦስተኛው አብረው የሚወድቁ ከሆነ አወቃቀሩን ቀይሩ። ይህ ድሮም ሕግ ነበር፤ አሁን ግን ከሁለቱ ነጥብ ካላቸው መመዘኛዎች አንዱ ሙሉ ለሙሉ ይህን ስለሚያይ ይበልጥ ያስከፍላል።

ሦስተኛውን በአጭሩ ጨርሱት። የተቋሙን ታሪክና የሕንፃውን ፎቅ ብዛት ማንም አልጠየቀም። የጄኔቲክ ንባቡን ማን ይሠራል? ናሙናው በምን ማቀዝቀዣ ይቀመጣል? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ስንት ሰዓት ይይዛል? እናንተ ጋ የሌለ መሣሪያ ካለ፣ ያለው ላብራቶሪ እንደሚሠራላችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ አያይዙ። ክፍተት እንዳይባል ይህ ይበቃል። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ጀምሮ «ትብብር እንዲደረግላቸው» ብሎ የሚያልቅ ባለ ቲተር ደብዳቤ ግን ለዚህ አይረዳም። ምን፣ ስንት ናሙና፣ በስንት ጊዜ ውስጥ የሚል ደብዳቤ ይሁን።

ከጥያቄውና ከአሠራሩ ሌላ ልክ አለ። ዝርዝር ዓላማው 1 ገጽ ነው፤ የምርምር ስልቱ አር01 ለሚባለው የግራንት ዓይነት 12 ገጽ፣ አር21 ለሚባለው ደግሞ 6 ገጽ ነው። ፊደሉ ከ11 መጠን አያንስም፤ ሕዳጉ በአራቱም በኩል ቢያንስ ግማሽ ኢንች ነው። አንድ መስመር እንኳ ቢያልፍ ሊመለስባችሁ ይችላል።

6. በሰው ሠራሽ አስተውሎት አታስጽፉት

የማመልከቻውን ቁጥር በስድስት በገደበው በሴፕቴምበር 2025ቱ ሕግ ላይ ሌላም አለ። በአብዛኛው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ ማመልከቻ እንደ አመልካቹ የራሱ ሐሳብ አይቆጠርም። ግራንቱ ከተሰጠ በኋላ ቢደረስበት ጉዳዩ ወደ ምርምር ሥነ ምግባር ምርመራ ሊሄድ ይችላል፤ ወጪም ውድቅ ሊደረግ ይችላል። ለውስን ነገር መጠቀም አልተከለከለም።

እንግሊዝኛ ለእኛ የትምህርት ቋንቋ እንጂ የቤት ቋንቋ ስላልሆነ ፈተናው ከባድ ነው። እኔ የማየው ጥሩ መንገድ አለ። ዝርዝር ዓላማውን መጀመሪያ በአማርኛ፣ ወይም በምታስቡበት ቋንቋ፣ ለሥራ ባልደረባ እንደምታስረዱ አድርጋችሁ ጻፉት። ሐሳቡ እዚያ ይጠራል። ከዚያ በእንግሊዝኛ ራሳችሁ ጻፉት፤ ሰዋስው ብቻ በመሣሪያ አሳርሙ። ረቂቆቻችሁን ከነቀናቸው አስቀምጡ። ጥያቄ ቢነሳ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ የምታሳዩት በእነሱ ነው።

7. በጀቱ

የአሜሪካ ተቋማት በዓመት እስከ 250 ሺህ ዶላር ለሚደርስ ቀጥተኛ ወጪ ጠቅለል ያለ በጀት ማቅረብ ይችላሉ። እናንተ አትችሉም። ከውጭ የሚያመለክት ተቋም ዝርዝር በጀት ነው የሚያቀርበው፤ በዶላር።

ለአስተዳደር የሚፈቀደው 8 በመቶ ነው፤ እሱም ከጠቅላላው ላይ አይደለም። ቀጥተኛ ወጪያችሁ 100 ሺህ ዶላር ሆኖ 30 ሺሁ መሣሪያ ከሆነ 8 በመቶው የሚሰላው በ70 ሺሁ ላይ ነው፤ 5,600 ዶላር ይሆናል። ይህን ለተቋማችሁ ኃላፊ አስቀድማችሁ ንገሩ። ከግራንቱ ሲሶውን የሚጠብቅ ኃላፊ አለ፤ ከፊርማ በኋላ ከሚጣላችሁ በፊት ቢያውቀው ይሻላል።

ብር በጁላይ 29 ቀን 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የምንዛሪው ነገር የበጀት ጉዳይ ሆኗል። ደመወዝና የመስክ አበል በብር አስልታችሁ ወደ ዶላር ስትቀይሩ የተጠቀማችሁበትን ተመንና ቀኑን ማብራሪያው ላይ ጻፉ። ከውጭ የሚገባ ኬሚካልና ኪት ግን ከመጀመሪያው በዶላር ይሁን፤ የሻጭ ዋጋ ማቅረቢያም ያዙ። የቀረጥና የጉምሩክ ነገር በማን እንደሚሸፈን ከተቋማችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ኪት ኤርፖርት ተቀምጦ ሲበላሽ ማየት ያማል።

ከውጭ አመልካች የሚጠየቅ አንድ ተጨማሪ ፒዲኤፍ አለ። ይህ ሥራ ለምን አሜሪካ ውስጥ አይሠራም የሚለውን ያስረዳል። ለሱሉልታው ምሳሌ መልሱ ቀላል ነው፤ ከብቱና ሰዉ ተጠጋግቶ የሚኖርበት፣ ወተቱ ሳይፈላ የሚጠጣበት ቤት እዚህ ነው ያለው። በአዲሱ አሠራር ይህን ማስረጃ የሚመዝኑት የኤንአይኤች ሠራተኞች እንጂ የሳይንስ ገምጋሚዎቹ አይደሉም። ስለዚህ ግልጽና አጭር ይሁን።

8. የመረጃ ዕቅድና ፈቃዶች

ከጃንዋሪ 25 ቀን 2023 ጀምሮ ሳይንሳዊ መረጃ የሚያመነጭ ማመልከቻ ሁሉ የመረጃ አያያዝና ማጋራት ዕቅድ አብሮት ይገባል። ከ2 ገጽ ባይበልጥ ይመከራል። እኛ ዘንድ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (በእኛ አቆጣጠር) ወጥቷል፤ የግል መረጃ ከአገር ሲወጣ የሚመለከት ድንጋጌ አለው። ዕቅዱ ላይ «ሁሉንም መረጃ ለሁሉም እንለቃለን» ብላችሁ ቃል አትግቡ። ስም፣ ስልክ፣ የቤት ቦታ ተነጥሎ ምን እንደሚቀር፣ ማን በምን ውል እንደሚያየው ጻፉ።

የሥነ ምግባር ፈቃድ ማመልከቻው ሲገባ አይጠየቅም፤ ግራንቱ ሊሰጥ ሲቃረብ ነው የሚጠየቀው። ይሁን እንጂ እዚያ ድረስ አትጠብቁ። ዳር ላይ የምንሠራ ሰዎች ወሰን እንሻገራለን። ጥናቱ አንዱ እግሩ አዲስ አበባ፣ ሌላው ኦሮሚያ ከሆነ ከሁለቱም ጤና ቢሮዎች ደብዳቤ ያስፈልጋል። የመድኃኒት ሙከራ ካለበት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ይገባበታል። ናሙና ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የናሙና ዝውውር ስምምነቱን ከአጋራችሁ ጋር ገና ሐሳቡ ሲጠነሰስ ጀምሩት።

የምታሳትሙት ጽሑፍም ሕግ አለው። በኤንአይኤች ገንዘብ ተሠርቶ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ወዲህ ለኅትመት ተቀባይነት ያገኘ ጽሑፍ በታተመበት ቀን ፐብሜድ ሴንትራል በሚባለው የሕክምና ጽሑፎች ነጻ ማከማቻ ላይ ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት። የድሮው የ12 ወር ቆይታ ቀርቷል።

9. ማስገባት

አዲስ አር01 በመደበኛነት የሚገባው ፌብሩዋሪ 5፣ ጁን 5 እና ኦክቶበር 5 ነው። በእኛ ጥር 28፣ ግንቦት 28 እና መስከረም 25 መሆኑ ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት የመስከረሙና የጥሩ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ይላሉ። ቀኑ ቅዳሜ ወይም እሑድ ቢውል ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይገፋል። የግንቦቱን ልብ በሉ። ፋይናንስ ክፍሉ የበጀት ዓመት ሊዘጋ የሚራወጥበት ጊዜ ነው፤ ያኔ ፊርማ ፍለጋ መሄድ አይመከርም።

ሰዓቱ በአመልካቹ ተቋም ሰዓት 5፡00 ፒኤም ነው። የዋሽንግተን ሰዓት አይደለም፤ የእናንተ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት። «አሜሪካ ገና ጠዋት ነው፣ ጊዜ አለን» የሚል ሰው ቡድናችሁ ውስጥ አይጠፋም። አትስሙት።

አሲስት በሚባለው የኤንአይኤች መድረክ ላይ ሁሉንም ከጫናችሁ በኋላ ፈራሚው ኃላፊ ነው የሚያስገባው። ሥርዓቱ ስህተትና ማስጠንቀቂያ ለይቶ ይነግራችኋል። ማስጠንቀቂያ ያልፋል፤ ስህተት ግን አያልፍም፤ ከመዝጊያው ሰዓት በፊት ታርሞ እንደገና መግባት አለበት። ካለፈ በኋላ የማረሚያ ጊዜ የለም። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ አስገቡ። በዚያ ቀን መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢቆራረጥ የምትሄዱበት ሁለተኛ ቦታ ይኑራችሁ። ፋይሎቹም በፍላሽ ይዘጋጁ።

ከገባ በኋላ 2 የሥራ ቀን አላችሁ። ኢአርኤ ኮመንስ ላይ ማመልከቻው ገምጋሚው በሚያየው መልክ ይቀመጣል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገልጣችሁ እዩት። ሥዕሉ ይነበባል? ገጽ አልተዘለለም? የባልደረባችሁ ቅጽ በሌላ ሰው ቦታ አልገባም? ችግር ካለና መዝጊያው ካላለፈ ፈራሚው ውድቅ አድርጎት እንደገና ማስገባት ይቻላል። ሁለቱ ቀናት ካለፉ በራሱ ይቀጥላል።

ከዚያ ጥበቃ ነው። ግምገማው ካለቀ በኋላ ነጥቡ ኮመንስ ላይ ይወጣል። ጠቅላላው ከ10 እስከ 90 ነው፤ ትንሹ ይሻላል። ነጥብ ከሌለውና «አልተወያየንበትም» ካለ በመጀመሪያው ንባብ ከታች ከተመደቡት አንዱ ነበር ማለት ነው፤ የገምጋሚዎቹ ጽሑፍ ግን ይመጣላችኋል። ያን ጽሑፍ በመጣበት ቀን አትመልሱለት። ለሳምንት አስቀምጡት፣ ከዚያ ከቡድናችሁ ጋር አንብቡት። ያንኑ ማመልከቻ አስተካክላችሁ አንድ ጊዜ መመለስ ትችላላችሁ፤ ለዚያም 37 ወር አላችሁ። የ1 ገጽ መግቢያ ይጨመርበታል፤ እዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ዋና ትችት ምን እንደቀየራችሁ ትናገራላችሁ። ያ የተመለሰው ማመልከቻም ከስድስቱ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።